ለ24 ጫማ ጀልባ ኤአይኤስ ይቅደም ወይስ ራዳር?

ጭጋግ24 ጽፏል፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሲያትል ነው። ብዙ ጊዜ የምትጽፉትን አንብቤ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ምክራችሁን ፈልጌ መጥቻለሁ።

24 ጫማ የሆነች የፋይበርግላስ ጀልባ አለችኝ። ሞተሯ 150 የፈረስ ጉልበት ነው። የማቆማት ሺልሾል ማሪና ነው። ሐምሌ ላይ ክራብ እናወጣለን፤ ወደ መስከረም ደግሞ ሳልመን እናጠምዳለን። ያላት ዕቃ ትንሽ ነው፤ ባለ 7 ኢንች የካርታ ስክሪን፣ ያረጀ ቪኤችኤፍ (የመርከብ መነጋገሪያ) ሬዲዮ፣ ኮምፓስና ጡሩምባ። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ በቂ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ወደ ፖይንት ጀፈርሰን ተነሳን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መሃል ላይ ስንደርስ ጭጋጉ ከሰሜን በኩል መጣብን። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ፍጥነቴን ወደ 5 ኖት (በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል) አወረድኩ፤ ጡሩምባዬን በየሁለት ደቂቃው መንፋት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ የሌላ ጡሩምባ ሰማሁ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ከግራ ይምጣ ከቀኝ መለየት አልቻልኩም። ሞተሬን ዜሮ አድርጌ ጠበቅሁ። አንድ ጎታች መርከብ ከፊታችን እንደ ጥላ አለፈ። ተመስገን አልኩና ከኋላው ላቋርጥ ማርሽ አስገባሁ።

የ9 ዓመቷ ልጄ "አባዬ፣ ሌላ አለ!" ብላ ጮኸች። ጎታቹ ካለፈ በኋላ የሚጎትተው ባርጅ (ሞተር የሌለው የጭነት መርከብ) እየመጣ ነበር። ድምፅ የለው፣ ሰው የለው። ዝም ብሎ የሚሄድ የብረት ግድግዳ ነው። ወደ ኋላ ማርሽ መታሁ። ስንት ሜትር እንደቀረን መናገር አልችልም፤ ብረቱ ላይ ያለው ዝገት ግን በደንብ ይታየኝ ነበር።

ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዕቃ ለመግዛት 2,500 ዶላር ያህል መድቤያለሁ። ኤአይኤስ (መርከቦች ስማቸውን፣ ቦታቸውንና ፍጥነታቸውን በሬዲዮ የሚለዋወጡበት መሣሪያ) ልግዛ ወይስ ራዳር? ሁለቱንም በአንዴ አልችልም።

ኢቲኦ_ውቅያኖስ ጽፏል፦

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ለቤታችሁ አበቃችሁ። ልጅህን ሳምልኝ።

እኔ ባሕር ዳር ከሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ የወጣሁ የመርከብ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። አሁን የኮንቴይነር መርከብ ላይ ነኝ። ብሪጅ (መርከቡ የሚነዳበት ክፍል) ላይ ያለውን ራዳርና ኤአይኤስ የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ፣ አንተ ከታች ያየኸውን እኔ ከላይ እንዴት እንደሚታይ ልንገርህ።

መጀመሪያ ግን ስለ ጡሩምባው። በጭጋግ ውስጥ አንድ ረጅም ሁለት አጭር ከሰማህ፣ ያ ተራ የሞተር መርከብ አይደለም። የሚጎትት፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ በሸራ የሚሄድ ወይም እንደ ልቡ መታጠፍ የማይችል መርከብ ነው። ተራ የሞተር መርከብ እየሄደ ከሆነ የሚነፋው አንድ ረጅም ብቻ ነው። ባርጁ ላይ ሰው ከሌለ ባርጁ ምንም አይነፋም። ስለዚህ አንድ ረጅም ሁለት አጭር ሲመጣ "ከኋላው ምን ይከተላል?" ብለህ ጠብቅ። ሌሊት ከሆነ ደግሞ በአንድ መስመር ከላይ ወደ ታች ሦስት ነጭ መብራት ታያለህ። የመጎተቱ ርዝመት ከ200 ሜትር አልፏል ማለት ነው። በመሃሉ ያለው የብረት ገመድ ውኃ ውስጥ ስለሚጠልቅ አይታይህም። በዚያ መሃል መግባት ማለት ሞት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኛ ብሪጅ ላይ ሆነን ከመርከቡ አፍንጫ ፊት ያለውን ውኃ አናይም። ዓለም አቀፉ ደንብ ራሱ የመርከቡን ሁለት እጥፍ ርዝመት ወይም 500 ሜትር፣ ከሁለቱ ያነሰውን ያህል እንዲሸፈን ይፈቅዳል። የአንተ ጀልባ እዚያ ውስጥ ከገባች በዓይን አትገኝም። ራዳራችን ላይስ? ፋይበርግላስ የራዳሩን ሞገድ አይመልስም ማለት ይቻላል። የሚመልሰው ሞተርህና ጥቂት ብረትህ ነው። ባሕሩ ሲናወጥ መኮንኑ የማዕበሉን ትርምስ ለማጥፋት ማጣሪያውን ከፍ ያደርጋል። ያኔ አንተም ከትርምሱ ጋር ትጠፋለህ። ይህን በዓይኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በኤአይኤስ ግን ትንሽ ትሪያንግል ሆነህ ትወጣለህ። ስምህ፣ ፍጥነትህ፣ አቅጣጫህ ይነበባል። እኔ ብሆን ከሚያስተላልፍ ኤአይኤስ እጀምር ነበር። መቀበያ ብቻ የሆነውን አይደለም የምልህ፤ የሚያስተላልፈውን።

ሸራ_ቼሳፒክ ጽፋለች፦

እኔ አናፖሊስ ነኝ፤ 27 ጫማ የሸራ ጀልባ አለችኝ። የኢቲኦን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር።

ሬዲዮህ አርጅቷል ብለሃል። አሁን የኤአይኤስ መቀበያ አብሮት የተሠራ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ አለ። ስታንዳርድ ሆራይዘንም አይኮምም ይሠሩታል። በጥቂት መቶ ዶላር ታገኛለህ። የሬዲዮውን አንቴና ስለሚጠቀም አዲስ አንቴና አያስፈልገውም። ከካርታ ስክሪንህ ጋር ሲገናኝ መርከቦቹን ሁሉ ካርታው ላይ ታያቸዋለህ። የዛሬ አራት ዓመት እኔ ከዚህ ነው የጀመርኩት። ወደ ባልቲሞር የሚገባውን የጭነት መርከብ ገና ከአድማስ በታች እያለ ማየት ስጀምር፣ መሪ አያያዜ ራሱ ተቀየረ። አስቀድሜ ነው የምወስነው። ትልቅ መርከብ መጣ ብዬ መሯሯጥ ቀረ።

እናንተ ጋ ያለው ጎታች መርከብም አብዛኛውን ጊዜ ኤአይኤስ አለው። በአሜሪካ ሕግ ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 2016 ጀምሮ ርዝመቱ 26 ጫማና ከዚያ በላይ፣ ጉልበቱም ከ600 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ የንግድ ጎታች መርከብ የግድ ኤአይኤስ ሊኖረው ይገባል። ትሪያንግሉን ስትነካው የመርከቡ ዓይነት ይወጣል። "የሚጎትት" የሚል አለ፤ ከ200 ሜትር በላይ ለሚጎትት ደግሞ ለብቻው ምድብ አለው። ሠራተኞቹ በትክክል ከሞሉት ማለቴ ነው። ባርጁን ግን ብዙ ጊዜ አታየውም።

ሐይፋ_ቂሾን ጽፏል፦

ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። ሐይፋ ቂሾን ወደብ ላይ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሸራ በመጨረሻ ያለችው ነገር ላይ ልቁም። ባርጁን ኤአይኤስ አያሳየውም። የሰውዬውን ልጆች ሊገድል የነበረው ደግሞ ባርጁ ነው። ታዲያ ለምንድነው ኤአይኤስ ይቅደም የምትሉት?

ሁለተኛም አለ። ኤአይኤስ የሚነግራችሁ ጂፒኤስ የነገረውን ነው። እኛ ጋ ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ የጂፒኤስ ምልክት ሲታወክ ቆይቷል። ሐይፋ ፊት ለፊት ቆመን ስክሪኑ ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ናችሁ ይለን ነበር። በዙሪያችን ያሉ መርከቦችም ኤአይኤስ ላይ እዚያው የብስ ላይ ተከምረው ይታያሉ። እኛም የምናስተላልፈው ውሸት ነበር። ራዳር ግን ሳተላይት አይጠይቅም። ራሱ ይልካል፣ ራሱ ይቀበላል። ፊት ለፊትህ ብረት ካለ አለ ይልሃል። በዚያ ወቅት ወደብ ያገባን ራዳሩና ኮምፓሱ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ራዳር ነው።

ጭጋግ24 ጽፏል፦

ጋሽ ቂሾን፣ ልክ ነዎት፤ እኔንም ያስጨነቀኝ ባርጁ ነው። ግን ኢቲኦ ያለውም እውነት ነው፤ እነሱ እኔን ካላዩኝ የእኔ ማየት ብቻውን አይበቃም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ስልኬ ላይ መርከቦችን የሚያሳይ አፕ አለ። እሱን ለጊዜው ብጠቀምበትስ?

ኢቲኦ_ውቅያኖስ ጽፏል፦

በፍጹም አይሆንም። አፑ የሚያሳይህ የብስ ላይ ያለ አንቴና ተቀብሎ፣ በኢንተርኔት ልኮ፣ ተዘዋውሮ የመጣውን ነው። ደቂቃዎች ሊዘገይ ይችላል። በ18 ኖት የሚሄድ ፌሪ (ሰውና መኪና የሚያሻግር መርከብ) በደቂቃ ከ550 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሦስት ደቂቃ የቆየ ምስል ላይ ያለው ፌሪ አሁን ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ ሌላ ቦታ ነው። አፑ "የቤተሰቤ መርከብ የት ደረሰ?" ለሚል ሰው ጥሩ ነው። እናቴ እኔን የምትከታተለኝ በእሱ ነው። ግጭት ለመከላከል ግን ምልክቱ ከመርከቡ በቀጥታ ወደ አንተ አንቴና መምጣት አለበት።

ጋሽ ቂሾን፣ የጂፒኤሱን ነገር ስላነሡ አመሰግናለሁ። እኛም እዚያ አካባቢ ስናልፍ ደርሶብናል። ካፒቴኑ "ራዳርና ዓይን!" ብሎ ተጨማሪ ሰው ብሪጅ ላይ አቆመ። እርስዎ ባሉበት ውኃ ራዳር ይቅደም ማለትዎ ትክክል ነው። ሲያትል ግን የመርከቡ ብዛትና የፌሪው ምልልስ ነው ችግሩ።

ሽቦና_ፊውዝ ጽፏል፦

ዘግይቼ ገባሁ፤ ይቅርታ። ሥራዬ ይሄ ነው፤ ታኮማ አካባቢ ጀልባ ላይ ኤሌክትሮኒክስ እገጥማለሁ። ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያባክን በየቀኑ ስለማይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ስለ ራዳሩ። ለ24 ጫማ ጀልባ የሚሆነው ትንሹ ዶም (አንቴናው ክብ ክዳን ውስጥ ያለ ራዳር) ነው፤ ስፋቱ 18 ወይም 20 ኢንች፣ ክብደቱ ከ5 ኪሎ ብዙም የማይርቅ። የጋርሚን ፋንተም፣ የሬይማሪን ኳንተም፣ የሲምራድ ሄሎ፣ የፉሩኖ ኤንኤክስቲ የሚባሉት ሁሉም ያለ ማግኔትሮን (የድሮ ራዳር ሞገዱን የሚያመነጭበት ቱቦ) የሚሠሩ ናቸው። ሲበራ ቶሎ ይሠራል። የድሮው ማግኔትሮን ከአንድ ደቂቃ በላይ መሞቅ ነበረበት። አዲሱ አጠገብ ያለውን ነገርም በደንብ ያሳያል። ጭጋግ ውስጥ የሚያስፈልግህ ደግሞ በትክክል እሱ ነው፤ 24 ማይል ርቆ ያለውን ሳይሆን 300 ሜትር ላይ ያለውን። ሻጩ "24 ማይል ያያል" ሲልህ አትደነቅ። ዶሙ ከውኃው 3 ሜትር ከፍ ካለ፣ ትንሽ ጀልባ የምታየው ጥቂት ማይል ላይ ነው። ምድር ክብ ናት።

የትንሽ ዶም ድክመቱ የጨረሩ ስፋት ነው። ወደ 5 ዲግሪ ይሆናል። በአንድ የባሕር ማይል ርቀት ላይ 160 ሜትር ያህል ስፋት ማለት ነው። ስለዚህ ራቅ ብለው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ነገሮች አንድ ሆነው ይታያሉ። ጎታቹና ባርጁ ከሩቅ አንድ ረጅም ነጠብጣብ ሊመስሉህ ይችላሉ፤ ሲቀርቡ ይለያያሉ። ይህን ማወቅ የሚቻለው በመለማመድ ብቻ ነው።

ዶፕለር የሚባለው ነገር አለ፤ ወደ አንተ የሚመጣውን በቀለም ይለይልሃል። እወደዋለሁ። ግን በፊትህ በአግድም የሚያልፈውን ቀለም አይቀባውም፤ ወደ አንተ እየቀረበ አይደለምና። አንተን የገጠመህ እኮ በአግድም የሚያልፍ ነበር። ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው የአቅጣጫ ሴንሰር ነው። ያለሱ ራዳሩ ዒላማ መከታተል አይሆንለትም። ጀልባህ በማዕበል ስትዞር ዒላማው ሁሉ አብሮ ይዞራል። የተደጋገመ ስህተት ነው፤ ሰው 2,000 ዶላር ለራዳር ከፍሎ ለሴንሰሩ ይሰስታል።

ራዳሩ ደግሞ ከስክሪንህ ጋር አንድ ቤት መሆን አለበት። የጋርሚን ራዳር ከጋርሚን ስክሪን ጋር፣ የሬይማሪን ከሬይማሪን ጋር። ስክሪንህ አሮጌ ከሆነ እሱንም መቀየር ሊኖርብህ ነው። በ2,500 ዶላር ራዳር፣ ሴንሰር፣ ስክሪንና ምሰሶ አይሟላልህም። ኤአይኤስ ግን ከማንኛውም ቤት ስክሪን ጋር ይግባባል። በድሮው ሽቦ የምታገናኘው ከሆነ የመረጃ መላኪያ ፍጥነቱን 38,400 ላይ አድርግ። ብዙ ሰው የጂፒኤሱን 4,800 ትቶ "ኤአይኤሱ አይሠራም" ብሎ ይመልሰዋል።

አሁን ስለ ኤአይኤስ ዓይነት። ለእኛ የሚሆነው ክላስ ቢ ነው። እሱም ሁለት ነው። አንዱ በ2 ዋት ያስተላልፋል፤ ከ2 ኖት በላይ ስትሄድ በየ30 ሰከንዱ። ሌላው በ5 ዋት ነው፤ ፍጥነትህ ሲጨምር እሱም ቶሎ ቶሎ ይልካል፤ ከ23 ኖት በላይ ስትሆን በየ5 ሰከንዱ። በ5 ኖት ስትሄድ ሁለቱም በየ30 ሰከንዱ ናቸው። የአንተ ሞተር ግን 25 ኖት ይወስድሃል። በዚያ ፍጥነት በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ 390 ሜትር ትሄዳለህ። በባለ 2 ዋቱ የፌሪው ካፒቴን የሚያይህ እስከ 390 ሜትር ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል። ባለ 5 ዋቱ የመላኪያ ተራውን አስቀድሞ ይይዛል፤ ባለ 2 ዋቱ ክፍት ቦታ እስኪያገኝ ይጠብቃል። መርከብ በበዛበት ውኃ ይሄ ልዩነት ነው። የዋጋ ልዩነቱ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። አትሰስት።

ሸራ_ቼሳፒክ ጽፋለች፦

ሽቦ፣ እናመሰግናለን። ስለ ኬብል ምነው ዝም አልክ? እኔ የተቃጠልኩት በእሱ ነው። ምሰሶዬ ላይ የነበረው ቀጭን ኬብል 15 ሜትር ያህል ነበር። በዚያ ርዝመት ቀጭኑ ኬብል ግማሽ ያህሉን ጉልበት ይበላል። 2 ዋት ገዝቼ የሚወጣው 1 ዋት ነበር ማለት ነው። ወፍራሙን አስገባሁ፤ ነገሩ ተለወጠ።

ሽቦና_ፊውዝ ጽፏል፦

አዎ እህቴ፣ ልክ ነሽ። በ24 ጫማ ላይ ኬብሉ አጭር ስለሆነ ያን ያህል አይጎዳም። ማያያዣው ላይ ውኃ ከገባ ግን ያው ነው። እኔ ለኤአይኤስ የራሱን አንቴና ነው የምመክረው። ያን ማድረግ ካልተቻለ ለኤአይኤስ ተብሎ የተሠራ ማከፋፈያ ይገባል። ተራውን የቲቪ ማከፋፈያ ያስገባ ሰው አይቻለሁ፤ ሬዲዮውን አቃጥሎታል።

መብራትም አለ። ርካሽ ኤልኢዲ መብራት ቪኤችኤፉንም ኤአይኤሱንም ያውካል። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚሁ የደህንነት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሬዲዮውን ባዶ ቻናል ላይ አድርገህ የጩኸት መቁረጫውን ድምፁ ልክ እስኪጠፋ ድረስ አዙር። ከዚያ መብራቱን አብራ። ጩኸቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የመብራቱ ነው።

ጭጋግ24 ጽፏል፦

ሱቅ ውስጥ በ30 ዶላር ቱቦ የመሰለ የራዳር አንጸባራቂ አይቼ ነበር። እሱን ለጊዜው ብሰቅልስ?

ኢቲኦ_ውቅያኖስ ጽፏል፦

ወንድሜ፣ እሱን አትመን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2006 ኡዞ የምትባል 25 ጫማ ያህል የሆነች የሸራ ጀልባ ከእንግሊዝ ደቡብ፣ ዋይት ደሴት አጠገብ በሌሊት ጠፋች። ሦስት ሰዎች ሞቱ። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች አንድ ትልቅ ፌሪ ገጭቷት ወይም በማዕበሉ ገልብጧት ነው ብለው ደመደሙ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ያሉት አንጸባራቂዎች ኪነቲክ በሚባል የብሪታንያ የምርምር ድርጅት ተፈተኑ። ቀጭኑ ቱቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም የሚል ውጤት ወጣ። ምክሩም ጀልባዋ የምትችለውን ያህል ትልቅ አንጸባራቂ ስቀሉ ነው። አልሙኒየም ሆኖ እንደ ኮከብ የተጣጠፈውን ትልቁን ስቀል፤ ርካሽ ነው። ግን ኤአይኤስን አይተካም።

የጣና_ልጅ ጽፏል፦

ሰላም ናችሁ ወንድሞችና እህት። እኔ ባሕር ዳር ነኝ፤ ቱሪስት ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የምታመላልስ ጀልባ አለችኝ፤ ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት። ውይይታችሁን ስከታተል ነበር። እኛ ጋ ትልቅ መርከብ ያን ያህል የለም። ችግራችን ማታ ስንመለስ ነው። ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ መብራት የለውም፤ ውኃው ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ጊዜ ለጥቂት ነው የተረፍነው። ለእኔ ከእነዚህ ዕቃዎች የሚጠቅመኝ አለ?

ኢቲኦ_ውቅያኖስ ጽፏል፦

የጣና ልጅ፣ አገሬን አስታወስከኝ። ዘጌ በጀልባ ስንሄድ የነበረው ትዝ አለኝ።

ኤአይኤስ ለአንተ አሁን ጥቅም የለውም። በዙሪያህ የሚያስተላልፍ ከሌለ የምትቀበለው የለም፤ ያንተን የሚቀበልም የለም። ራዳርም ቢሆን ደንገል የተሠራበትን ታንኳ በደንብ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ሰውዬውን ራሱን ነው፤ እሱም ደካማ ነው። ገንዘብህን እዚያ ላይ አታፍስስ።

የአንተ መፍትሔ ለታንኳዎቹ መብራት ነው። በፀሐይ የሚሞላ ትንሽ አምፖል፣ ወይም ደረት ላይ የሚታሰር የሚያንጸባርቅ ጨርቅ። መንገድ የሚሠሩ ሰዎች የሚለብሱትን ሰደርያ አስበው። አንተ ደግሞ ጥሩ የእጅ ባትሪ ይዘህ ፊት ላይ አንድ ልጅ አስቀምጥ። ጨርቁ ከሩቅ ያበራልሃል። የጀልባ ባለቤቶቹ ማኅበር ካላችሁ አዋጥታችሁ ለዓሣ አጥማጆቹ ብትሰጧቸው፣ አንድ ራዳር ከሚገዛበት ገንዘብ በጥቂቱ የብዙ ሰው ሕይወት ይጠበቃል። ማታም ፍጥነታችሁን ቀንሱ።

የጣና_ልጅ ጽፏል፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሰደርያውን አላሰብኩትም ነበር። ለማኅበራችን አቀርበዋለሁ።

ሐይፋ_ቂሾን ጽፏል፦

የጣና ልጅ፣ ተባረክ። ስታመጡላቸው ቀለሙ ብርቱካን ይሁን። ቀንም ይታያል።

ጭጋግ24 ጽፏል፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። የወሰንኩትን ልንገራችሁ።

ባለ 5 ዋት ክላስ ቢ ኤአይኤስ ገዛሁ። አዲስ ቪኤችኤፍም ገዛሁ። ለኤአይኤሱ የራሱን አንቴና አቆምኩለት። ትልቁን የአልሙኒየም አንጸባራቂ ሰቀልኩ። ከመደብኩት ገንዘብ ወደ 900 ዶላር ተረፈኝ፤ እሱን አልነካም። በሚቀጥለው ዓመት ጨምሬበት ራዳርና አዲስ ስክሪን እገዛለሁ። ጋሽ ቂሾን፣ ምክርዎን አልጣልኩትም። ራዳሩ እስኪገባ ድረስ የጭጋግ ትንበያ ባለበት ቀን ልጆቼን ይዤ አልወጣም።

አንድ ያላወቅኩት ነገር ቁጥሩ ነበር። ባለ 9 አሃዝ የመርከብ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ለሚንቀሳቀስ ጀልባ በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛል። እኔ ግን ክረምት ላይ ካናዳ ወዳለችው ቪክቶሪያ ልሻገር ስለማስብ፣ በፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በኩል ፈቃድ ማውጣት ነበረብኝ። ሌላው ደግሞ ቁጥሩን እኔ ራሴ ኤአይኤሱ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድልኝም፤ የሚያስገባው ሻጩ ወይም ገጣሚው ነው። አስቀድማችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ማስጠንቀቂያው ላይ ግን ተቸግሬያለሁ። ማሪና ውስጥ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ልጆቼ ጆሯቸውን ይዘዋል።

ሸራ_ቼሳፒክ ጽፋለች፦

እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ነበርኩ። ማስጠንቀቂያው የሚሠራው በሁለት ቁጥር ነው። አንዱ፣ ሁለታችሁ ባላችሁበት ብትቀጥሉ ምን ያህል ትቀራረባላችሁ የሚለው ነው። ሌላው፣ እስከዚያ ስንት ደቂቃ አላችሁ የሚለው። ሰፊ ውኃ ላይ ግማሽ የባሕር ማይልና 12 ደቂቃ አድርጌዋለሁ። ወደብ ስገባ ወደ አንድ አሥረኛ ማይልና 3 ደቂቃ አወርደዋለሁ። ከአንድ ኖት በታች ለሚንቀሳቀስ ነገር እንዳይጮኽ የሚያደርግ ምርጫም አለው፤ የታሰሩት ጀልባዎች ዝም ይላሉ። ብቻ ጨርሶ እንዳታጠፋው። አንዴ ከጠፋ ሰው ማብራቱን ይረሳል።

አንተ ራስህ ቆመህ ስታጠምድ ደግሞ ቁጥሮቹን አትመናቸው። ጀልባ ሲቆም ጂፒኤሱ አቅጣጫውን እየቀያየረ ይነግርሃል፤ የመቀራረቡ ሂሳብም አብሮ ይዘላል። ያኔ በዓይንህ የመርከቡን አቅጣጫ በኮምፓስ ያዝ። አቅጣጫው ሳይለወጥ እየቀረበ ከመጣ ወደ አንተ ነው።

ሽቦና_ፊውዝ ጽፏል፦

የእናንተ አካባቢ ላለው ሰው አንድ ልጨምር። ሁለት ሬዲዮ ካለህ አንዱን ቻናል 14 ላይ አድርገው። ሲያትል ያለው የመርከብ ትራፊክ መቆጣጠሪያ የሚያወራው እዚያ ላይ ነው። መናገር የለብህም፤ ስማ ብቻ። ጎታቹ "ባርጅ ይዤ በዚህ በኩል ወደ ደቡብ እየወረድኩ ነው" ሲል ትሰማዋለህ። መርከቡን ራሱን ማነጋገር ካስፈለገህ ቻናል 13 ነው። አሁን ስሙን ስክሪንህ ላይ ስለምታነበው "ከፊቴ ያለኸው መርከብ" እያልክ አትጣራም፤ በስሙ ጥራው።

ደግሞ ክራብ ማጥመጃ ተንሳፋፊዎቹን፣ የሚንሳፈፈውን ግንድና ካያኩን የትኛውም ዕቃ በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማያሳይህ ታውቃለህ። መከታተል ያለብህ ራስህ ነህ።

ጭጋግ24 ጽፏል፦

ዛሬ ሞከርኩት። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን መረጥኩ፤ ከልጆቼ ጋር ወጣን። ትልቋ ስክሪኑን እያየች "አባዬ፣ ፌሪው በ7 ደቂቃ ውስጥ እስከ 300 ሜትር ድረስ ይቀርበናል" አለችኝ። ፌሪው ገና ኪንግስተን በኩል ነበር፤ በዓይን ትንሽ ነጭ ነገር ነው። ወደ ቀኝ በደንብ ታጠፍኩ፤ ቁጥሩ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ወጣ። ትንሿ ፊት ላይ ተቀምጣ በባይኖኩላር ትመለከት ነበር። ያ ቦታ የእኔ ነው ብላለች። የሚነሣት የለም።

ከማሪናው ጎረቤቴን በእሱ ስክሪን እንዲያየኝ ለመንኩት። ደውሎ "አየሁህ፤ ግን ስም የለህም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚታየኝ" አለኝ። ደነገጥኩ። የሆነ ነገር ሳይሞላ ቀርቷል እንዴ?

ኢቲኦ_ውቅያኖስ ጽፏል፦

አልቀረም፤ አትደንግጥ። ቦታህና ፍጥነትህ ቶሎ ቶሎ ይላካሉ። ስምህና የጀልባህ መጠን ግን የሚላኩት በየ6 ደቂቃው ነው። ጎረቤትህ መሣሪያውን ገና እንዳበራ ስላየህ ነው። ትንሽ ይጠብቅ።

ጭጋግ24 ጽፏል፦

አሁን ደወለ። ስሟ ወጥቷል። ልጆቹ ናቸው ያወጡላት፤ "ንጋት" ተብላለች።